የእሌኒ ጸጉር

የኪሮሽ አሻንጉሊት ከገላዋ ይልቅ ጊዜ የሚበላው ጸጉሯ ነው። ገላዋን እጅ ከለመደው በኋላ ወሬ እያወሩም ይሠራል፤ በስድስት ዓይን ተጀምሮ በየዙሩ ስድስት ስድስት እየተጨመረ ይሰፋል፣ ጭንቅላቷ ሲወጣ ፋይበር ይጠቀጠቅበታል፣ አንገቷ ላይ ሲደርስ መልሶ ይጠባል። ጸጉሯ ግን የራሱ ሥራ አለው። መጀመሪያ ለጭንቅላቷ ልክ የሆነ ቆብ ይሠራል። ከዚያ በየዓይኑ ውስጥ የተቆረጠ ክር ታጥፎ ይገባና የነጠላ ጫፍ ላይ ዘርፍ እንደሚቋጠረው እየተቋጠረ ይወርዳል።

ቆቡ ክር ከለበሰ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው። ክሩን ሦስት ሦስት አድርጎ ሹሩባ መጎንጎን አንዱ ነው። ሌላው በቋጠሮ ፋንታ ከቆቡ ላይ ሰንሰለት እያወጡ፣ በሰንሰለቱ በእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቦ መሥራት ነው፤ ያኔ ሰንሰለቱ ራሱን በራሱ እየጠቀለለ ከርዳዳና ጥቅልል ጸጉር ይወጣዋል። ሦስተኛው ግምዱን መፍታት ነው። የሹራብ ክር ከብዙ ቀጫጭን ዘለላዎች የተገመደ ስለሆነ፣ ለውሻ ጸጉር በሚሸጠው የሽቦ ብሩሽ ደጋግመው ሲያበጥሩት ይበተናል፤ ከዚያ በሚፈላ ድስት እንፋሎት ላይ ወጠር አድርገው ሲይዙት ይተኛል። ዞማ ይሆናል። በእጅ ሲነኩት ክር መሆኑ ይረሳል።

እኔ ይህን ሦስተኛውን መረጥኩ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ግን ይህን አልጽፍም ነበር።

ሆሳዕና ነው የምኖረው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርድ ታውቃለች፤ አራስ ቤት ሹራብ፣ ቆብ፣ የሕፃን ካልሲ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ኪሮሽ ያስያዘችኝ እናቴ ነች። በእሷ ዘመን ሥራው ዳንቴል ነበር፤ የሶፋ ልብስ፣ የሬዲዮ ልብስ፣ የአልጋ ጌጥ። እኔ ለሕፃናት ሹራብ እየሠራሁ ቆየሁና፣ ከየጥቅሉ የሚተርፈው ክር ሲበዛብኝ አሻንጉሊት ጀመርኩ። ሲሸጥልኝ ደግሞ ክሩን ለዚሁ ብዬ ከመርካቶ ማስመጣት ያዝኩ።

ገዢ አላጣሁም። ከሀዲያና ከከምባታ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ልጅ ወይም ወንድም ከዚያ ገንዘብ የሚልክለት ቤት ለሕፃን ልደት አሻንጉሊት ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ስትሆን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው በዛ፣ ተከራዩም በዛ። ከሁሉ ግን የኔ ሰሞን መስከረም ነው። በመስቀል ሰሞን ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሊያከብር፣ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናት ለበዓሉ ምግብ፣ ለአታካና፣ ቅቤ ስታዘጋጅ፣ የመጣው እንግዳ ለሕፃናቱ የሚሰጠው ነገር ይፈልጋል። ያኔ መደርደሪያዬ ባዶ ይሆናል።

ለብዙዎቹ አሻንጉሊቶቼ እሌኒ የሚል ስም ሰጥቻቸው ነበር። በከተማችን ሆስፒታል የተሰየመላትን ንግሥት ብዬ ነው። የሀዲያ ገዢ ልጅ ሆና የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት የሆነች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1508 በልጅነቱ ለነገሠው ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር የመራች፣ በዓመቱም ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል መልእክተኛ የላከች ሴት ነበረች። በዚያ ስም ስለኮራሁ፣ የኔዋ እሌኒ ከሌሎቹ ሁሉ እንድታምር ፈለግኩ። ጸጉሯን እስከ ወገቧ ዞማ አደረግኩላት። ጥቁር ብቻ ሲሆን ድርቅ ያለ መሰለኝና፣ ከጥቁሩ ክር ጋር የጠቆረ ቡኒ ክር ቀላቅዬ አበጠርኩት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ከውስጥ ቡኒው ብልጭ ይላል። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው በከተማው አላውቅም ነበር። ይህን ቅልቅል ልብ በሉልኝ።

ልጅ ሳለን አሻንጉሊታችን የበቆሎ እሸት ነበር። ያን ለስላሳ የበቆሎ ጸጉር እንጎነጉናለን፣ እናስራለን፣ እንፈታለን። ሲጎትቱት ይበጠሳል፤ እስኪመሽ ራሰ በራ ይሆናል። አሁን ሳስበው፣ የበቆሎው ጸጉር መልካምነቱ በዚያ በመበጠሱ ነበር። የሕፃን ጣት ላይ ቢጠመጠም ጣቱ ሳይጎዳ ራሱ ይቆረጣል። አክሪሊክ ክር እንደዚያ በቀላሉ አይበጠስም። ከግምዱ የተፈታች አንዲት ዘለላ ለዓይን አትታይም፤ ከሌሎች ጋር ስትጠማዘዝ ግን የሕፃን ጣት ታንቃለች እንጂ በሕፃን ጉልበት አትበጠስም።

ጸጉሯ እንደሚረግፍ አውቅ ነበር። ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ ማለባበስ አልፈልግም። ብሩሹ ክሩን ሲፈታ ከቋጠሮው ጋር ያስተሳሰረውንም ያላላዋል፤ አጫጭሮቹ ዘለላዎች የሚይዛቸው ነገር አይኖርም። ቀሚሴ ላይ አገኛቸው ነበር፣ ቡና ስኒ ውስጥ አገኛቸው ነበር። አንዲት ደንበኛ ነጠላዋን ዘርግታ አሳይታኝ «ጸጉሯ ይረግፋል» ስትለኝ «መጀመሪያ ላይ ነው፣ ይተዋል» አልኳት። አይተውም። ሥሩን በሙጫ ለማያያዝ ሞክሬ ነበር፤ ሙጫው ሲደርቅ ጸጉሩን አደነደነውና ልስላሴው ጠፋ። ልስላሴውን መረጥኩ፤ የሚሸጠው እሱ ነበራ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድምና ከእሌኒዎቼ ትልቋን ይዤ ሄድኩ። እናትየው አመስግና «ትንሽ ትደግና ትጫወትባታለች» ብላ ቁም ሣጥኑ ላይ ልታስቀምጣት ነበር። እኔ ነኝ ያስወረድኳት። «እዚያ ምን ታደርጋለች? እንዴት እንደምትለሰልስ እዪ፣ አብራት ትተኛ» ብዬ በገዛ እጄ ከሕፃኗ ጎን አስተኛኋት። ለእናትየው ልቧ የነገራት ትክክል ነበር። የሕፃናት ሐኪሞች በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ትራስም ሆነ አሻንጉሊት፣ ምንም ለስላሳ ነገር እንዳይኖር የሚመክሩት ለትንፋሹ ብለው ነው፤ ይህንንም ያኔ አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን እንደ ምክንያት አላቀርበውም፤ የሚያውቀውን የእናት ልብ በሙያተኛ ነኝ ባይነት አሸንፌዋለሁና።

ሕፃኗን፣ ሚሚን፣ የምትይዘው ከአንጋጫ አካባቢ የመጣች ልጅ ነበረች። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ዝምተኛ ነበረች፤ ሚሚን ስታጫውት ብቻ ድምፅዋ ይሰማል፣ በከምባትኛ ታንጎራጉርላታለች። ለመስቀል ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ስለነበር ከደመወዟ አጠራቅማ ጥቁር ዊግ ገዛችና ቀጭን ሹሩባ ተሠራች። በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ እንዴት ነው? ያምርብኛል?» ብላ አሳየችኝ። በጣም ያምርባት ነበር።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀር ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠርተን እነሚሚ ቤት ተቀምጠናል። ሚሚ ስታለቅስ ነበር የዋለችው። እናቷ ጡት ስትሰጣት ትተዋለች፣ ስታዝላት አትተኛም። አንዷ ቁርጠት ነው አለች። ሌላዋ ዓይን ነው፣ ሰው የበዛበት ቤት ሕፃን አይወጣም አለች። እኔም እናትየውን «ሥጋ ሳትበይ አልቀረሽም» ብዬ የበኩሌን አልኩ። ሞግዚቷ ናት ሕፃኗን ተቀብላ ወደ መስኮቱ የወሰደቻት፣ ከሻሉ የፈታቻት፣ ከእግሯ ጀምራ አንድ በአንድ ያየቻት። የግራ እጇን ጭብጥ ስትከፍት ጮኸች። የቀለበት ጣቷ አብጦ ጠቁሯል፤ መገጣጠሚያው ላይ በቀጭኑ ሰርጉዶ የገባ መስመር አለ።

ሦስታችን ይዘናት ወደ ሐኪም ሮጥን። ነርሷ ጣቷን ካየች በኋላ ብዙ አልተናገረችም። በቀጭን ፒንሴትና ጫፉ በሾለ መቀስ እየፈለገች፣ ቆዳው ውስጥ የሰመጠውን ብዙ ደክማ አወጣችው። ሁለት ሦስት ዘለላ እርስ በርሱ ተጠማዞ ነበር። «ጸጉር ይመስላል» ብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው።

እናትየው ዞራ ያየችው የልጅቷን ሹሩባ ነው።

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ስይዛት ሻሽ አስራለሁ፣ አይተውኝ የለ» አለች ልጅቷ።

እኔ ፒንሴቱን እያየሁ ነበር። ከብርሃኑ ፊት የተንጠለጠለው ነገር ሁለት ቀለም ነበረው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ። የልጅቷ ዊግ ወፈር ያለ፣ የሚያብለጨልጭና አንድ ወጥ ጥቁር ነው። ያን ቅልቅል እኔ ቀላቅዬዋለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ነርሷ ክሩን በጥጥ ጠቅልላ ጣለችው። እኔም ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልሱም የተሰወረ አይደለም። ቤቴ ለመስቀል የታዘዙ እሌኒዎች ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። እናትየው ብዙ ሰው የምታውቅ ሴት ናት፤ የምትለው በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል። ልጅቷ ደግሞ በከተማው የሚያውቃት ሰው የላትም። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አላሰላሁትም፤ ግን ስሌቱ ሳላሰላው ውስጤ ተሠርቶ አልቋል። ልናገር ብል የምከፍለው ታወቀኝ፤ ዝም ብል የምትከፍለው ሌላ ሰው ናት።

ማታውን ልጅቷ ሹሩባዋን እንድትፈታ ተነገራት። በነጋታው ዕቃዋን ይዛ እንድትሄድም ተወሰነ፤ የዚያ ወር ደመወዟ ለሕክምና ወጣ ተብሎ ተያዘባት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስትፈታ አየሁና ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በማበጠሪያ ጫፍ እየለየሁ ከኋላ ያለውን እኔ ፈታሁላት። አላለቀሰችም። ስጨርስ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ዊጉን አጥፋ በፌስታል ቋጠረችው፤ ለእህቷ እንደምትሰጠው ነገረችኝ።

ከዚያ ምሽት ሳልጨምር የማላልፈው ነገር አለ። እሌኒ አሁንም አልጋው ላይ ነበረች። «ጸጉሯ ተበላሽቷል፣ ላስተካክልላት» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ከአደጋ ለማራቅ ብዬ ቢሆን ለእናትየው ምክንያቱን እነግራት ነበር። የወሰድኳት ማንም ጸጉሯን ከፒንሴቱ ጋር እንዳያስተያይ ነው። ቤቴ ወስጄ ቀድጄ አቃጠልኳት፤ አክሪሊክ ሲነድ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

የሚሚ ጣት ዳነ። ዛሬ ከሚቀረው ጠባሳ ሌላ የለባትም። እኔ ግን የሆነውን ማንበብ ጀመርኩ፤ ነገሩ በሕክምና የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ሐኪሞች በሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። ጸጉር ወይም ክር በሕፃን ጣት፣ አንዳንዴም በወንድ ሕፃን ብልት ላይ ይጠመጠማል። መጀመሪያ ደም መላሹን ሥር ይዘጋል፤ ደም ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ጣቱ ያብጣል፤ ሲያብጥ ክሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ቶሎ ካልተቆረጠ ጣት እስከማጣት ያደርሳል። የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ እናት ከወለደች በኋላ ጸጉሯ የሚረግፍበት ጊዜ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ጸጉር ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በመታጠቢያ ሰዓት ላልቶ የተጠመጠመው በኋላ ያንቃል። ከካልሲና ከእጅ ጓንት ውስጥ የሚወጣ ክርም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ሕፃን ያለ ምክንያት ስታለቅስ ልብሷን ሁሉ አውልቆ የእጅና የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ ማየት ነው። ካልሲና ጓንት ከማልበስ በፊት ውስጡን ገልብጦ የተረፈ ክር መቁረጥ ነው። ያበጠ ነገር ከታየ በቤት እያሹ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ያቺ ልጅ ማንም ሳያስተምራት ያደረገችው ልክ ይህንን ነው። የሚሚን ጣት ያተረፈቻት እሷ ናት፤ የተባረረችውም እሷ።

ይህ ንባብ መጀመሪያ የረዳኝ ለመዋሸት ነበር። የእናትየዋ ጸጉር ሊሆን ይችል ነበር እኮ፣ የማንም ሊሆን ይችል ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሁለቱ ቀለሞች ግን ከዓይኔ አልጠፉም።

ቀጥሎ የሠራሁት ከዚህም ይብሳል። ዞማውን ተውኩ። እሌኒን በሹሩባ መሥራት ጀመርኩ፤ በተፈታ ክር ፋንታ እንደተገመደ የተጎነጎነ፣ ጫፉ የታሰረ፣ ሥሩ ቆቡ ውስጥ በመርፌ የተሰፋ። ይህ መልካም ነበር። ሰዎች ግን ለምን እንደቀየርኩ ይጠይቁኝ ጀመር። «የልጆቻችን ጸጉር ሉጫ አይደለም፣ በራሳቸው መልክ ያደጉ ልጆች ይሁኑ ብዬ ነው» አልኳቸው። በአንድ ባዛር ላይ ስለዚህ ተናገሪ ተብዬ ቆሜ ተናገርኩ። ኬኔዝና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት ለጥቁር ሕፃናት እያሳዩ ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ነጯን እንደመረጡ፣ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1954 በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን በሻረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ እንደተጠቀሰ ነገርኳቸው። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ፤ ከርዳዳ ጸጉር ያላት ልጅ የራሷን ጸጉር በአሻንጉሊቷ ላይ ማየት ይገባታል። ጸጉሩን የቀየርኩት ግን ለዚህ አልነበረም። በአንዲት ሕፃን ጣት ምክንያት የቀየርኩትን ሥራ ለባህል ተቆርቋሪነት አድርጌ ሸጥኩት፤ አጨበጨቡልኝ፤ ጭብጨባውን ተቀበልኩ። ንጹሕ ምክንያት ለቆሸሸ ነገር መሸፈኛ ሲሆን ምን ያህል እንደሚመች ያኔ አወቅኩ።

ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። በጸሎቴ ውስጥ ደጋግሜ ተናዘዝኩ፣ አለቀስኩም። ለእሱ መንገር ቀለለኝ፤ ደንበኛ አያሳጣኝም፣ ጎረቤት አያስቀይመኝም። ሚሚ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ነው ነገሩን ያልቻልኩት። አጥሩን ይዛ እጇን ስትዘረጋልኝ ያቺ ጣት ትመጣለች። አንድ ቀን እናቷን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅልቅሉን፣ ፒንሴቱን፣ የወሰድኳትን አሻንጉሊት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «የኔን ተዪው። እኔ ልጄ ድናለች። የእሷን ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ «እኔም አባርሬያታለሁ፤ ደመወዟንም ይዣለሁ። የኔንም ጨምሪበት» ብላ ገንዘብ አምጥታ እጄ ላይ አደረገች።

አንጋጫ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። እናቷ የቆጮ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ተነሥተው ቤት አስገቡኝ፣ የመጣሁበትን ሳይጠይቁ ቡና አፈሉልኝ። እሳቸው በከምባትኛ፣ ታናሽ ልጃቸው በአማርኛ እየመለሰልን ተነጋገርን። ልጅቷ የለችም። ከሆሳዕና ከተመለሰች በኋላ ትምህርቱንም አልቀጠለችም፤ አዲስ አበባ ጥቂት ቆይታ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። እኔ ነኝ የላክኳት ለማለት አልደፍርም፤ ከዚህ አካባቢ የሚሄደው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ነው። አይደለሁም ለማለትም አልደፍርም።

የሆነውን ስጨርስ እናቷ ገንዘቡን አላዩትም። ልጁ እየተርጎመ ያለኝ ይህ ነው፦ «ሕፃን ልትገድል ነበር ተብላ ነው ከሰፈራችሁ የወጣችው። እኔ ቤት መጥተሽ መንገርሽ ምን ያደርግላታል? ስሟ የጠፋበት ቦታ ሄደሽ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ከሰፈር ሴቶች እድር ስብሰባ በኋላ ቆሜ፣ ያኔ ቡና ላይ የነበሩት ሁሉ በተገኙበት። ያለፈ ነገር ነው፣ ምን አነሣው ያሉ ነበሩ። አሻንጉሊታቸውን ይዘው መጥተው ደጄ ላይ አስቀምጠው የሄዱም ነበሩ፤ ልክ ነበሩ፣ ገንዘባቸውን መለስኩ። ዞማ ጸጉር ያላት እሌኒ የት የት እንደገባች ወደማስታውሰው ሁሉ ደወልኩ፤ ዱራሜ፣ ዶዮገና፣ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጆሃንስበርግ ድረስ። ጸጉሯን ከቆቡ ላይ ጠርጋችሁ ቁረጡት፣ ከሕፃን አልጋም አውጧት አልኳቸው። ለማን እንደሸጥኩ የማላስታውሳቸው ግን አሉ። ይህ ጽሑፍ ከእነርሱ ለአንዳቸው ከደረሰ፣ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት፤ ጥቁሩ ውስጥ ቡኒ ካለ የኔ ሥራ ነው፤ ቁረጡት።

ዛሬም እሠራለሁ። ገና አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አሻንጉሊት አልሸጥም። ከዚያ ከፍ ላሉት ትንንሽ ልጆች ጸጉሯን ራሱ ጭንቅላቷ ላይ ተጋድሞ በጥልፍ እሰፋዋለሁ፤ የሚንጠለጠል ነገር የለውም። ለትልልቆቹ ሹሩባና ጥቅልል እሠራለሁ፤ እያንዳንዱን ጉንጉን ሰፍቼ ስጨርስ በሙሉ ጉልበቴ እጎትተዋለሁ። ብሩሹ ከቤቴ ወጥቷል። ስለ ሹሩባው የሚጠይቀኝን ሰው ከዚህ በኋላ ሁለቱንም ምክንያት እነግረዋለሁ፣ የጣቷን አስቀድሜ።

በእድሩ ከተናገርኩ በኋላ የልጅቷ እናት ስልኳን ሰጡኝ። ገንዘቡንም ያኔ ተቀበሉ። ደወልኩ፤ ማን መሆኔን ስነግራት ዝም አለች። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ክሩ የኔ እንደነበር፣ በሰፈሩ ፊት እንዳስረዳሁ፣ እናትየዋም ደመወዟን እንደመለሰች፣ ሚሚም ደኅና እንደሆነች። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ያኔ ደጃፍ ላይ ጸጉሬን ስትፈቺልኝ ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም።